ለኪስ የሚሆን የመጀመሪያ ሰንጢ

ሰንጢ ስለቱ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባ ትንሽ ቢላ ነው። የወጥ ቤት ቢላ ከጫፍ እስከ እጀታ አንድ ወጥ ሲሆን ሰንጢ ግን መሐሉ ላይ ማጠፊያ አለው። ያለ አፎት ኪስ ውስጥ እንዲያድር የሚያስችለውም፣ አንዳንዴ የባለቤቱን ጣት የሚያስቆርጠውም ይኸው ማጠፊያ ነው። ስለዚህ የሰንጢ ጥራት የሚጀምረው ከማጠፊያው ነው፤ የገዢ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙ፣ የስለቱ ቅርጽና ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ላይ ነው።

የሰንጢ የዕለት ሥራ ከሚታሰበው በላይ ተራ ነው። የካርቶን ፕላስተር መቅደድ፣ የተሰፋ የማዳበሪያ አፍ መክፈት፣ ገመድ መቁረጥ፣ ብርቱካን መላጥ፣ እርሳስ መቅረጽ፣ ከልብስ ላይ የወጣ ክር መበጠስ፤ የአብዛኛው ሰው ሰንጢ ከዚህ የዘለለ ሥራ አያጋጥመውም። ለዚህ ሁሉ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስለት ይበቃል። ከ9 ሴንቲ ሜትር ያለፈው ዳቦ ለመቁረስ ይመቻል እንጂ ኪስ ውስጥ ቦታ ይፈጃል፣ ሰው ፊት ሲወጣም ያስደነግጣል። ክብደትም መታየት አለበት። እጅግ የታወቀው የአሜሪካው ባክ 110 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚሸጥ፣ የተከበረ ሰንጢ ቢሆንም በናስ ጫፎቹ ምክንያት 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። የሚሸጠውም በቀበቶ ላይ ከሚታሰር ማኅደር ጋር ነው፤ ሱሪ ኪስ ውስጥ የገባ እንደሆነ ወደ ታች ይጎትታል። ለዕለት መያዣ ከ100 ግራም በታች የሆነው ይመረጣል፤ ከብዶ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ሰንጢ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ምንም አይቆርጥም።

ቢላ የሚቆርጠው ከምንም በላይ በቅጥነቱ ነው። ሻጮች ስለ ብረቱ ዓይነት ብዙ እያወሩ ስለ ቅጥነቱ ዝም የሚሉት፣ ምናልባት ቅጥነት ስም ወጥቶለት ሣጥን ላይ ስለማይታተም ይሆናል። የስለቱ አፍ አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ማዕዘን ይሳላል። ነገር ግን ወሳኙ ከአፉ ኋላ ያለው የብረት ውፍረት ነው። ጀርባው 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ስለት፣ አፉ እንደ ምላጭ ቢሳልም እንኳ፣ ካሮት ውስጥ ሲገባ ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ወፍራም ካርቶን ውስጥም መሐል ላይ ይያዛል። ጀርባው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ አፉ እየሳሳ የሚሄደው ግን ትንሽ ቢደነዝ እንኳ ሥራውን ይቀጥላል። ወፍራም ስለት የሚወደደው ጠንካራ ስለሚመስል ነው፤ በርግጥም ቢፈነቅሉበት ቶሎ አይሰበርም። ሆኖም የቀለም ቆርቆሮ በሰንጢ ጫፍ የሚከፍት ወይም ብሎን በስለት የሚፈታ ሰው የሚያስፈልገው ወፍራም ሰንጢ ሳይሆን ካቻቪቴ ነው።

የጫፉ ቅርጽ ብዙ ማሰላሰል አይጠይቅም። ጀርባው ወደ ጫፉ በዝግታ የሚወርድ፣ አፉ ደግሞ በትንሹ ወደ ውጭ የጎበጠ ስለት ለሁሉም ይሆናል። መጋዝ መሰል ጥርስ ያለው ስለት ገመድ ላይ ግሩም ነው፤ ቤት ውስጥ ለመሳል ግን ያስቸግራል፣ ፍራፍሬና ወረቀትም ይቦጫጭቃል። ለመጀመሪያ ሰንጢ ለስላሳ አፍ ይሻላል።

የቢላን ብረት እንዲጠነክር የሚያደርገው ካርቦን ነው። ካርቦን ያለበት ብረት ግሎ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ በደንብም ይሳላል፤ ይሁን እንጂ ይዝጋል። እ.ኤ.አ. በ1913 የሼፊልዱ እንግሊዛዊ ሃሪ ብሪርሊ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ፣ 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ብረት ዝገትን እንደሚቋቋም አስተዋለ። ሼፊልድ የቢላ ከተማ ስለነበረች ግኝቱ ወዲያው ወደ ገበታ ቢላ ተሻገረ፤ ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሰንጢዎችም ከዚያው ወገን ናቸው። «የማይዝግ» መባሉ ግን ትንሽ ያሞካሸዋል። ላብና ጨው ባለበት ኪስ ውስጥ ርጥብ ሆኖ ከቆየ ይኸኛውም ነጠብጣብ ያወጣል።

የስለት ጥንካሬ የሚለካው በሮክዌል መለኪያ ነው። የስዊሱ ቪክቶሪኖክስ ስለቶቹን ከ55 እስከ 56 ላይ ያቆማቸዋል። በዚህ ልክ የተሠራ ስለት ቶሎ ይደነዝዛል፤ በተራ መሳያ ድንጋይ ላይ ግን በጥቂት ደቂቃ ስለቱ ይመለሳል። በውዶቹ ዘመናዊ ሰንጢዎች ላይ የተለመደው ከ58 እስከ 62 ነው። አፋቸው ብዙ ቀን ይከርማል፤ ሲደነዝዙ ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ። እንደ ኤስ30ቪ ያሉ 4 በመቶ ቫናዲየም የያዙ ብረቶች ደግሞ የአልማዝ ብናኝ የተለበጠ መሳያ ሲያገኙ ነው በቀላሉ የሚሳሉት። መሳል ገና ያልለመደ ሰው እንዲህ ያለውን ገዝቶ ከስድስት ወር በኋላ ዱልዱም ብረት ይዞ ሲዞር ማየት እንግዳ አይደለም። ለጀማሪ እንደ 12ሲ27፣ 14ሲ28ኤን ወይም 420ኤችሲ ያሉ ቀለል ያሉ የማይዝጉ ብረቶች ይበጃሉ።

በስለቱ ላይ የታተመው የብረት ስም ቢሆን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ያው አንድ ብረት የት ድረስ እንደጋለ፣ እንዴት እንደቀዘቀዘና ከዚያ በኋላ እንዴት በመጠነኛ ሙቀት እንደተመለሰ ሰንጢውን ሰንጢ ያደርገዋል ወይም ያበላሸዋል። ባክ ርካሽ ከሚባለው 420ኤችሲ የሚሠራቸው ስለቶች ስም ያተረፉት በዚህ የሙቀት ሥራ ጥንቃቄ ነው። በአንጻሩ ማንነቱ ያልታወቀ አምራች ዲ2 ብሎ ያተመበት ርካሽ ሰንጢ የተጻፈውን ያህል ላይሠራ ይችላል። ዲ2 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ቢኖረውም አብዛኛው ክሮሚየም ከብዙው ካርቦን ጋር ስለሚያያዝ፣ ሳይደርቅ ከተተወ ይዝጋል። ገዢ የብረቱን ጥንካሬ በዓይኑ ማየት ስለማይችል የሚያምነው አምራቹን ነው፤ የታወቀ ቤት ስም ዋጋ የሚያወጣውም እዚህ ላይ ነው።

ስለቱ ከተከፈተ በኋላ ተከፍቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ክፍል የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ጥንታዊው መንገድ መቀርቀሪያ የሌለው ነው። እጀታው ጀርባ ላይ ያለ ሞላ ስለቱን ይጫነዋል፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ያዝ ያደርገዋል፣ በኃይል ሲገፉት ግን ይታጠፋል። የዚህ ዓይነቱ ዝነኛው ሰንጢ የስዊስ ነው። ካርል ኤልዘነር እ.ኤ.አ. በ1884 በሽቪትስ ግዛት ኢባኽ በምትባል መንደር የቢላ መሥሪያ ከፈተ፤ በ1891 ለስዊስ ጦር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያ የጨመረበትን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ፤ ዛሬ ዓለም በቀይ እጀታውና በነጭ መስቀሉ የሚያውቀው የዚህ ዝርያ ነው። ድርጅቱ በኋላ የያዘው ቪክቶሪኖክስ የሚለው ስም ከኤልዘነር እናት ከቪክቶሪያና የማይዝግ ብረት ከሚጠራበት «ኢኖክስ» የተገጣጠመ ነው። መቀርቀሪያ አለመኖሩ ጉድለት ቢመስልም ተጠቃሚው ስለቱን በጀርባው በኩል እንዳይገፋ፣ ጫፉንም ወግቶ እንዳይጠመዝዝ ያስተምረዋል። ለብርቱካንና ለካርቶን ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

በፈረንሳይ ሳቩዋ ተራሮች ጆዜፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 የሠራው ሰንጢ የእንጨት እጀታና አንድ ስለት ብቻ ያለው የገበሬ ዕቃ ነበር። በ1897 ከ1 እስከ 12 በቁጥር የተለዩ መጠኖች ወጡለት። በ1955 ማጠፊያው ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት ተጨመረ፤ ቀለበቱ በጣት ሲዞር ስለቱ ቆልፎ ይቀራል። ቁጥር 8 የሚባለው ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጀርባው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው፣ ክብደቱ ከ50 ግራም አያልፍም፤ በአውሮፓም ከ20 ዩሮ በታች ይሸጣል። በዚህ ዋጋ ከእርሱ የተሻለ የሚቆርጥ ሰንጢ ማግኘት ያስቸግራል። ጣጣው እንጨቱ ነው፦ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አላስከፍት ይላል።

ከእነዚህ ወዲህ የመጡት መቀርቀሪያዎች በአብዛኛው አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፉ ናቸው። ባክ 110 የጀርባ መቀርቀሪያን አስፋፋ፤ እጀታው ጀርባ ላይ ያለው ዘንግ በሞላ ተገፍቶ ስለቱ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ለመዝጋት ዘንጉ ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ዎከር የተባለ ቢላ ሠሪ፣ እጀታው ውስጥ ያለችው ስስ የብረት ልባስ ራሷ ወደ ጎን ተላቅቃ ስለቱን ከታች የምትደግፍበትን ዘዴ አመጣ። ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሄደው ክሪስ ሪቭ ደግሞ በልባሷ ፈንታ የእጀታውን ወፍራም ብረት ራሱን መቀርቀሪያ አደረገው። ሁለቱም በአንድ እጅ ለመዝጋት ይመቻሉ፤ ነገር ግን ሲዘጉ አውራ ጣት ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ ስለሚያርፍ ለአዲስ ሰው ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። የትኛውም መቀርቀሪያ ሰንጢን ወጥ ቢላ አያደርገውም። በርካሽ የተሠራ መቀርቀሪያ ደግሞ ከሌለው የባሰ ነው፤ ባለቤቱ ተማምኖበት ሳለ ይከዳዋል።

አከፋፈቱም ይለያያል። አሮጌው ልማድ ስለቱ ላይ ባለ ጭረት ጥፍር አስገብቶ በሁለት እጅ መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ስፓይደርኮ የተባለው የኮሎራዶ ድርጅት ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ፣ እጀታው ላይ ደግሞ የኪስ ክሊፕ አድርጎ አወጣ፤ ዛሬ ክሊፕ የሌለው ዘመናዊ ሰንጢ ጥቂት ነው። አንድ እጁ መሰላል ወይም ገመድ ለያዘ ሠራተኛ በአንድ እጅ የሚከፈተው በእውነት ይጠቅማል። ቢሮ ለሚውል ሰው ጥቅሙ ያን ያህል አይደለም።

እጀታው እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየም ወይም ቀንድ ቢሆን የመቁረጡን ነገር አይለውጠውም። ርጥብ እጅ ላይ አለመንሸራተቱና አጥብቀው ሲይዙት ክሊፑ ወይም ጠርዙ መዳፍ አለመውጋቱ ይበቃል።

ከመግዛት በፊት ሰንጢውን በእጅ ይዞ መፈተሽ የማያሳፍር ነገር ነው። ቀስ ብሎ ሲከፈት መንገድ ላይ ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት። ሲዘጋ ስለቱ የእጀታውን ግድግዳ ሳይነካ መሐል ላይ ቢያርፍ መልካም ነው። ተከፍቶ ሳለ ጫፉን በጥንቃቄ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መነቅነቅ ይገባል። የጎን ንቅናቄ አንዳንዴ ብሎን በማጥበቅ ይድናል፤ ላይና ታች የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ችግሩ መቀርቀሪያው ላይ ስለሆነ ይተዋል። ቀይ እጀታና መስቀል ያለበት ሁሉ የስዊስ እንዳልሆነም ማወቅ ያሻል። በእውነተኛው ላይ የአምራቹ ስም ዋናው ስለት ሥር፣ ከማጠፊያው አጠገብ ተቀርጾ ይገኛል፤ ቅጂዎቹ ሞላቸው ልል ነው፣ በስለቶቹ መካከልም ክፍተት ይታያል።

ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለይ፣ በተለይ ውጭ ለሚኖር ሰው ከምርጫው ጋር አብሮ መታየት አለበት። በእንግሊዝ አገር ያለ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚቻለው አፉ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.6 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና መቀርቀሪያ የሌለው ሰንጢ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆልፍ ሰንጢን ያለ በቂ ምክንያት መያዝ ከልክላለች። በአሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከተው ሕግ ስለቱ ከ2.5 ኢንች በታች የሆነ የኪስ ሰንጢን ከአደገኛ መሣሪያ አይቆጥረውም፤ ክፍላተ ግዛቶችና ከተሞች ግን የየራሳቸው ደንብ አላቸው። መቀርቀሪያ የሌለው፣ በሁለት እጅ የሚከፈት ትንሽ ሰንጢ በብዙ ቦታ ከጣጣ ነጻ የሚሆነው ለዚህ ነው። አውሮፕላን ላይ የሚሳፈር ሰው ግን ትንሹንም ቢሆን በእጅ ሻንጣ መያዝ የለበትም፤ ሰንጢ የሚሄደው ለጭነት ከሚሰጠው ሻንጣ ጋር ነው፤ ፍተሻ ላይ ከተገኘ ሊወረስ ይችላል።

ከሰንጢው ጋር አብሮ መገዛት ያለበት መሳያ ነው። አንድ ወገኑ ሻካራ፣ ሌላው ለስላሳ የሆነ ድንጋይ ይበቃል። ስለቱ ፋብሪካው በሳለበት ማዕዘን ተይዞ ከሥሩ እስከ ጫፉ ይሳባል፤ በአንደኛው ወገን ጣት የሚይዘው ስስ የብረት ጠርዝ ሲወጣ ይገለበጣል፣ መጨረሻ ላይ ጠርዙ በለስላሳው ድንጋይ ወይም በቆዳ ቀበቶ ይነሣል። ብዙ ጊዜ ከመሳል ይልቅ ገና መደንዘዝ ሲጀምር ጥቂት መሳብ ብረት ይቆጥባል።

ኪስ ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻና ክር ማጠፊያውን ስለሚያከብደው ሰንጢው በየጊዜው ተከፍቶ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ይደረግለታል። የእንጨት እጀታ ያለው በውኃ አይታጠብም፤ በርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ክፍቱን ይደርቃል። የካርቦን ብረት ስለት ሎሚ ወይም ቲማቲም ከቆረጠ ወዲያው መጠረግ አለበት፤ ከጊዜ ብዛት የሚይዘው ግራጫ ቀለም ግን ዝገት ስላልሆነ መፈግፈግ አያስፈልገውም።