የወላጅ ጊዜ ስንት ያወጣል? የኒውዚላንድ ፕሌይሴንተሮች የቆየ ጥያቄ

ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንደኛ ደረጃ ያልደረሰ ልጅ የሚውልበት ቦታ ብዙ ዓይነት ነው። የሠለጠነ መምህር የተመደበባቸው መዋዕለ ሕፃናት አሉ፤ ወላጅ ከሥራ እስኪመለስ ልጅ የሚቆይባቸው የሕፃናት ማቆያዎችም አሉ። ከእነዚህ ጎን ፕሌይሴንተር የሚባሉት ይገኛሉ። እነዚህን የሚያስተዳድሯቸውም፣ ተራ ገብተው ከልጆች ጋር የሚውሉትም ወላጆች ራሳቸው ናቸው። ሒሳብ የሚይዘው፣ ዕቃ የሚገዛው፣ ግቢ የሚያጸዳው፣ የልጆቹን እድገት እየተከታተለ የሚመዘግበው ያው የልጅ እናት ወይም አባት ነው። የመንግሥት ፈቃድና ድጎማ አላቸው፤ ከጨቅላ አንስቶ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ያለ ልጅም ይቀበላሉ። ዛሬም በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ከአንድ ትውልድ በፊት ከነበራቸው ስፋት አንጻር ግን እጅግ ቀንሰዋል። ብዙዎች ይህን የዘመን ለውጥ ነው ብለው ያልፉታል። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ከዘመኑ ሌላ የስሌቱም ጣጣ አለበት፦ መንግሥት የትምህርትን ወጪ ሲያሰላ የወላጅን ጊዜ በነፃ የሚገኝ ነገር አድርጎ ቆጥሮታል።

የመጀመሪያው ፕሌይሴንተር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1941 በዌሊንግተን ከተማ፣ ካሮሪ በተባለው ሠፈር ነው። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር፤ ባሎች ዘምተው እናቶች ልጅ ይዘው ብቻቸውን ቀርተዋል። ከመሥራቾቹ መካከል ጆአን ውድ፣ ኢንገ ስሚዝልስ እና በወቅቱ የአገሪቱ የትምህርት ዳይሬክተር የነበሩት የክላረንስ ቢቢ ባለቤት ቢያትሪስ ቢቢ ይገኙበታል። ዓላማቸው ሁለት ነበር፤ እናት ጥቂት ሰዓት ፋታ ታገኝ፣ ልጅም ከእኩዮቹ ጋር ይጫወት። በ1948 የፕሌይሴንተር ማኅበራት በአገር አቀፍ ደረጃ ፌዴሬሽን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ግዌን ሶመርሴት ሆኑ። ሶመርሴት ቀደም ሲል ፊልዲንግ በምትባል ከተማ ከባለቤታቸው ጋር የጎልማሶች ትምህርት ማዕከል ይመሩ ነበር፤ ይህም ለእንቅስቃሴው መልኩን ሰጠው። ፕሌይሴንተር ከጅምሩ ሁለት ተማሪ ነበረው፤ ልጁ በጨዋታ ይማራል፣ ወላጁም ልጁን እያየና ከሌሎች ወላጆች ጋር እየመከረ ይማራል። ወላጆች ደረጃ በደረጃ የሚወስዱት የራሱ ሥልጠና ያለውም ለዚህ ነው። አሠራሩ የእኛን እድር ይመስላል፤ የእድርተኛ ወጉ ወርኃዊ መዋጮ በመክፈል አያበቃም፣ ድንኳን መትከልና ቀብር መውጣትም አለበት። ገንዘቡን ልኮ የሚቀር አባል ከበዛ እድሩ አለ ለማለት ይከብዳል።

ፖሊሲው ግን በሌላ አቅጣጫ ተጓዘ። በ1986 የሕፃናት ማቆያዎች ኃላፊነት ከማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ወደ ትምህርት መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ በ1989 የተደረገው ማሻሻያም ድጎማውን ለሁሉም ዓይነት ተቋም በአንድ ሥርዓት ሥር አመጣው። ሁለቱም ተገቢ እርምጃዎች ነበሩ። በ2002 የወጣው የ10 ዓመት ስትራቴጂ ግን ጥራትን በዋናነት ከመምህራን ምስክር ወረቀት ጋር አያያዘው፤ ተቋማቱም በመምህር የሚመሩና በወላጅ የሚመሩ ተብለው ለሁለት ተከፈሉ። በ2007 ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች በሳምንት 20 ሰዓት ነፃ ትምህርት ሲታወጅ ፕሌይሴንተሮች አልተካተቱም፤ የተካተቱት በ2010 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ወጣት ወላጅ የገጠመው ምርጫ ግልጽ ነበር። በአንድ በኩል ልጁን በነፃ የሚቀበል ቦታ፣ በሌላ በኩል የራሱን ጉልበትና ጊዜ የሚጠይቅ ማዕከል። በዚህ ላይ ከፈቃድ ጋር የተያያዘው የደኅንነት፣ የምዝገባና የሪፖርት ግዴታ እየከበደ ሄደ። ሌላው ጋ ደመወዝተኛ ሥራ አስኪያጅ የሚሠራውን ፕሌይሴንተር ውስጥ ልጆቿን ያስተኛች እናት ማታ ቁጭ ብላ ትሠራዋለች።

በፕሌይሴንተር ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ የጥራት ነው፤ ሕፃን ልጅ ለሠለጠነ ባለሙያ እንጂ ለበጎ ፈቃደኛ አይሰጥም ይባላል። ሐሳቡ ክብደት አለው፤ ቀኑን ሙሉ ከወላጅ ተለይቶ ለሚውል ሕፃን የመምህሩ ሙያ ወሳኝ ነው። ፕሌይሴንተር ያለው ሁኔታ ግን የተለየ ነው። የሚውሉበት ሰዓት አጭር፣ በአንድ ክፍል ያሉት አዋቂዎች ብዙ፣ ከአዋቂዎቹ አንዱም ብዙውን ጊዜ የልጁ የራሱ ወላጅ ነው። በ1996 የወጣውና በ2017 የተሻሻለው ቴ ፋሪኪ የተባለው ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርትም ቤተሰብና ማኅበረሰብን ከመርሆዎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። ቤተሰብን በመርህ ደረጃ አክብሮ በድጎማ ቀመር ላይ መርሳት እርስ በርሱ ይጋጫል። ሙያ ያስፈልጋል ከተባለ መልሱ የወላጆቹን ሥልጠና ማጠናከር እንጂ ወላጁን ከክፍል ማስወጣት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያከራክራል። በሥራ ቀን ጠዋት ልጅ ይዞ መዋል የሚችለው ሁለተኛ ገቢ የማያስፈልገው ቤተሰብ ነው፣ ሸክሙም በአብዛኛው በሴቶች ላይ ይወድቃል ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ለብቻዋ ልጅ የምታሳድግና በፈረቃ የምትሠራ እናት ፕሌይሴንተር አማራጯ አይደለም። ስለዚህ ለሁሉም ይሁን ብሎ የሚከራከር ይሳሳታል። ይሁን እንጂ ችግሩ ጊዜ ውድ መሆኑ ከሆነ፣ መፍትሔው ጊዜ ያላቸውን ብቻ መውቀስ ሳይሆን ጊዜ ለሌላቸውም ጊዜ መግዛት ነው። ይህ ለኒውዚላንድ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ አገሪቱ በክፍያ የሚሰጠውን የወላጅነት ፈቃድ በ2020 ወደ 26 ሳምንት ስታሳድግ ከልጅ ጋር የሚያልፍ ጊዜ የሕዝብ ገንዘብ ሊወጣበት እንደሚገባ ተቀብላለች። በ1982 የተጀመሩት፣ የአገሪቱ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማኦሪዎች ኮሃንጋ ሬኦ የተባሉ ማዕከላትም ተመሳሳይ ነገር ያሳያሉ። ቋንቋቸው እንዳይጠፋ የሰጉ ቤተሰቦች አያቶችን ጭምር ይዘው ሕፃናትን በማኦሪኛ ማሳደግ የጀመሩት ባለጸጋ ስለሆኑ አልነበረም። ደመወዝተኛ ሠራተኛ ብቻውን ሊሰጠው የማይችል ነገር ስለነበረ ነው።

ሰው በምርጫው ከተወው ይክሰም የሚል ሦስተኛ ወገንም አለ። ምርጫ ነው የሚባለው ግን ሚዛኑ እኩል ሲሆን ነው። ቀመሩ የመምህርን ደመወዝ ወጪ ብሎ ሲመዘግብ የወላጅን ቀን ዜሮ ብሎ ካለፈው፣ ወላጅ የሚመራው ማዕከል ገና ሳይወዳደር ተሸንፏል። ማስተካከያው ተቋሙን ወደ ሌላ የሕፃናት ማቆያ መለወጥን አይጠይቅም፤ የሒሳብና የሪፖርት ሥራውን የሚሠራ ሰው መቅጠሪያ፣ ለወላጆች ሥልጠና የሚውል በጀት፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ከሥራ ቀርቶ ተራውን ለሚወጣ ወላጅ የሚሰጥ ፈቃድ ከተገኘ አብዛኛው ሸክም ይቀላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማዕከሉ ባዶ ከቀረ በእርግጥ ወላጆች ትተውታል ማለት ይቻላል። እስከዚያው ድረስ ግን መንግሥት ራሱ ያከበደውን ሸክም እንደ ወላጆች ምርጫ አድርጎ ሊያቀርበው አይገባም።