የሕሙማን ምስጢርና ከተቋሙ ኮምፒውተር የማይወጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት

የሕሙማንን ምስጢር መጠበቅ ከሂፖክራቲስ ቃለ መሐላ ጀምሮ የሕክምና ሙያ ምሰሶ ሆኖ የኖረ ግዴታ ነው። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ግን የሪፈራል ወረቀት ለማርቀቅ ወይም ረጅም የሕመም ታሪክ ለማሳጠር ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚጠቀሙ ባለሙያዎች አሉ። እንዲህ ያሉት አገልግሎቶች በአብዛኛው የሚሠሩት ርቆ በሚገኝ ሰርቨር ላይ በመሆኑ፣ ባለሙያው የጻፈው ሁሉ በኢንተርኔት አማካይነት ከጤና ተቋሙ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚቀመጥና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በአመዛኙ የሚወስነው አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ነው።

የታካሚውን ስም መሰረዝ ብቻውን በቂ ጥበቃ አይሆንም። ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የሕክምና ቀንና ያልተለመደ በሽታ አንድ ላይ ሲጠቀሱ በአነስተኛ ከተማ ውስጥ ማንነቱን ሊገልጡ ይችላሉ። መረጃው የኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕመም ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ሥራን ከማጣት እስከ ትዳር መፍረስ ሊደርስ ይችላል።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ መረጃውም ሆነ ሞዴሉ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጡበት አሠራር ነው። ኢንክ ኤንድ ስዊች የተባለው የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት ሊሠራና የመረጃው ባለቤትነት በተጠቃሚው እጅ ሊቆይ እንደሚገባ አስረድቷል። ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህም እንደ ላማና ሚስትራል ያሉ ሞዴሎችን አውርዶ በራስ ኮምፒውተር ማሠራት ተችሏል። 7 ቢሊዮን መለኪያዎች ያሉት ሞዴል፣ እያንዳንዱ መለኪያ በ16 ቢት ሲቀመጥ 14 ጊጋባይት ገደማ ቦታ ይይዛል። ወደ 4 ቢት ሲጨመቅ ግን ጥራቱ በመጠኑ ቢቀንስም 3.5 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሊሠራ ይችላል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ይህ ተጨማሪ ጥቅም ነው።

ይሁን እንጂ የመረጃው ሥልጣን ወደ ተቋሙ ሲመለስ ኃላፊነቱም አብሮ ይመለሳል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ መረጃው እንዳይነበብ ዲስኩ በምስጢራዊ ኮድ መቆለፍ፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ የይለፍ ቃል መያዝ፣ መጠባበቂያ ቅጂም በሌላ አስተማማኝ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። በአንድ መስኮት የቅርቡንም የሩቁንም ሞዴል የሚያቀርቡ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ ኢንተርኔቱን አቋርጦ መሞከር ሞዴሉ የት እንደሚሠራ ያሳያል። ይህ ሙከራ ግን ፕሮግራሙ መስመሩ ሲመለስ መረጃ እንደማይልክ ስለማያረጋግጥ ቅንብሩንም መፈተሽ ያሻል።

መረጃው ከተቋሙ አለመውጣቱ የመልሱን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። አነስተኛ ሞዴሎች በተለይ በአማርኛ ደካማ ሊሆኑ፣ የመድኃኒት መጠንንም አሳስተው በእርግጠኝነት ሊጽፉ ይችላሉ። ስለዚህ ረቂቁ ከታካሚው ካርድ ጋር ሳይመሳከር ሊፈረምበት አይገባም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መድቦታል። ታካሚው ሕመሙን የሚናገረው ባለሙያውን አምኖ ነው፤ ያ እምነት መሣሪያው ቢለወጥም ሊጓደል አይገባም።