የማርሻል አርት ስፖርትን መጀመርና መተው፤ የጤና ባለሙያው ሊያውቀው የሚገባ

መግቢያ

ካራቴ፣ ቴኳንዶ፣ ጁዶ፣ ኩንግፉና መሰል የማርሻል አርት ስፖርቶችን የሚሠሩ ሰዎች የጤና ባለሙያ ፊት የሚቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሲደርስባቸው ነው። በዚህ ጊዜ ለባለሙያው የሚቀልለው ምክር «ይህን ስፖርት ተው» ማለት ነው። ምክሩ አጭር ቢሆንም የሚያስከትለው ውጤት ግን ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ታካሚ ምክሩን ሰምቶ ከማንኛውም የአካል እንቅስቃሴ ይርቃል። ሌላው ሳይድን ወደ ልምምዱ ይመለሳል። ሦስተኛው ደግሞ «ተው» እንዳይባል በመስጋት ቀጣዩን ጉዳት ይደብቃል፤ ወይም ወደ ወጌሻ ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሰዎች እነዚህን ስፖርቶች ለምን እንደሚጀምሩና ለምን እንደሚተዉ በማብራራት፣ የጤና ባለሙያው ከደረቅ ክልከላ ይልቅ ጊዜና ደረጃ ያለው ምክር እንዲሰጥ ማገዝ ነው።

ሰዎች ለምን ይጀምራሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት ራሱ ጤና ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. በኦኪናዋ የተወለደውና በ1922 እ.ኤ.አ. ካራቴን በቶኪዮ ለሕዝብ ያሳየው ጊቺን ፉናኮሺ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ በልጅነቱም ደካማና በሽተኛ የነበረ ሰው ነው። ወደ ልምምዱ ከገባ በኋላ ጤንነቱ እንደተሻሻለ ራሱ የጻፈ ሲሆን፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ሲሞት ዕድሜው ወደ ዘጠና ዓመት ተቃርቦ ነበር። በ1882 እ.ኤ.አ. ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት የመሠረተው ጂጎሮ ካኖም ወደ ትግል ጥበብ የገባው በሰውነቱ ማነስ ምክንያት በትምህርት ቤት ጉልበተኞች ያጠቁት ስለነበር ነው።

እነዚህ ሁለት ምክንያቶች፣ ማለትም ጤናን መሻትና ጥቃትን መከላከል፣ ዛሬም ሰዎችን ወደ ማሠልጠኛ ይወስዳሉ። ከእነዚህ በተጨማሪ ሲኒማና ቪዲዮ ቤት ውስጥ በታዩ ፊልሞች መማረክ፣ የጓደኛ ተጽዕኖ፣ ወላጆች ልጃቸው ሥርዓት እንዲማር መሻታቸው፣ ውጥረትን ማስታገስና በውድድር መሳተፍ ይጠቀሳሉ። ጁዶ በ1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ በኦሊምፒክ ውድድር መካተቱ፣ ቴኳንዶም በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ሙሉ የኦሊምፒክ ስፖርት መሆኑ ለብዙ ወጣቶች ተጨማሪ ግብ ሆኗል።

አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ሥልጠናውን የሚጀምሩት ጥቃት ከደረሰባቸው በኋላ ነው። ስለዚህ «ለምን ጀመርሽ?» የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄና በምስጢር መጠየቅ ያለበት፣ አንዳንዴም ሌላ ድጋፍ የሚሻ ታሪክ የሚገልጥ ጥያቄ ነው።

የተጀመረበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈለገበት ዋና ጉዳይ፣ ታካሚው ስፖርቱን ሲተው የሚያጣውን ነገር ስለሚያመለክት ነው። ለጤናው የጀመረ ሰው ሌላ እንቅስቃሴ ሊተካለት ይችላል። ለደኅንነቱ የጀመረ ሰው ግን የሚያጣው የመተማመን ስሜቱን ነው። ለወዳጅነት የጀመረውም ማኅበሩን ያጣል።

ለምን ይተዋሉ?

ጉዳት ከምክንያቶቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። የሥራና የትምህርት ጫና፣ ትዳርና ልጅ ማሳደግ፣ ወርኃዊ ክፍያና የቀበቶ ፈተና ወጪ፣ የአሠልጣኝ መለወጥ፣ እንዲሁም መሰልቸት ብዙዎችን ያስተዋሉ። ሌሎች ደግሞ ጥቁር ቀበቶ ካገኙ በኋላ ይተዋሉ። በጃፓንኛ የመጀመሪያው የጥቁር ቀበቶ ማዕረግ «ሾዳን» የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ለማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሠልጣኞች እንደ መጨረሻ ግብ ስለሚቆጥሩት፣ ከደረሱበት በኋላ ቀጣዩ ዓላማ ይጠፋባቸዋል።

መተው አንዳንዴ ትክክለኛ ውሳኔ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። አሠልጣኙ ሠልጣኞችን የሚደበድብ ወይም የሚያዋርድ ከሆነ፣ ሕፃናትን ክብደት እንዲቀንሱ የሚያስገድድ ከሆነ፣ ወይም ጉዳት ያለበትን ሰው የሚያጋጥም ከሆነ ባለሙያው ሠልጣኙ ከቦታው እንዲርቅ መምከር ይኖርበታል።

ልምምድ ሲቋረጥ ሰውነት በፍጥነት ይለወጣል። በደንብ የሠለጠነ ሰው ልምምዱን ሙሉ በሙሉ ካቆመ፣ የልብና የሳንባ ብቃቱ በአራት ሳምንታት ውስጥ በግልጽ መቀነስ ይጀምራል፤ የጡንቻ ጥንካሬ ግን ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ይቆያል። የአመጋገብ ልማድ ሳይለወጥ እንቅስቃሴ ሲቀር ክብደት ይጨምራል። እንቅልፍና የመንፈስ ሁኔታም ሊታወኩ ስለሚችሉ፣ ስፖርቱን በድንገት የተወ ታካሚ ስለ እነዚህ መጠየቅ አለበት።

«ተው» የሚለው ቃል ሲነገር

ብሩስ ሊ በ1970 እ.ኤ.አ. ክብደት ሲያነሣ ጀርባውን ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ሐኪሞቹ እንዲያርፍ ካዘዙት በኋላ ዳግመኛ በእግሩ መምታት እንደማይችል ነገሩት። እርሱም በዕረፍቱ ወራት ስለ ትግል ጥበብ ማስታወሻ ይጽፍ ጀመር፤ ማስታወሻዎቹ ከሞተ በኋላ በ1975 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ መልክ ታትመዋል። ቀስ በቀስም ወደ ልምምዱ ተመልሶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስ ዝነኛ የሆነባቸውን ፊልሞች ሠርቷል። ይሁን እንጂ የጀርባ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ እንዳልለቀቀው ይነገራል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሐኪሞቹ ዕረፍት ማዘዛቸው ስሕተት ነበር ማለትን አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ለስፖርቱ የተሰጠ ሰው የተነገረው ትንበያ ምንም ይሁን ምን መመለሱን እንደሚሞክር ነው። እንግዲያው የሚሻለው ባለሙያው መመለሻ መንገዱን ራሱ ቢያሳየው ነው።

ማቆም ግዴታ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች

ሀ. በጭንቅላት ላይ የሚደርስ ምት። ኮንከሽን የሚባለው የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ሠልጣኝ፣ ራሱን ባይስትም እንኳ፣ በዚያው ቀን ወደ ልምምድ መመለስ የለበትም። በ2022 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም በተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ መነሻነት የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት ከ24 እስከ 48 ሰዓት አንጻራዊ ዕረፍት፣ ከዚያም ቀላል እንቅስቃሴ፣ ቀጥሎም እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ቀን የሚወስዱ ደረጃዎችን ይመክራል። መመታት ወደሚቻልበት ግጥሚያ የሚመለሰው በሐኪም ሲፈቀድ ብቻ ነው። አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ምት የደረሰበት ወጣት፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ለሕይወት በሚያሰጋ የአንጎል እብጠት ሊጠቃ ይችላል። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሚጥል ሕመም፣ የንቃት መቀነስ፣ የአንገት ሕመም ወይም የእጅና የእግር መስነፍ ከታየ ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል።

ለ. በደረት ላይ የደረሰ ምትና ራስን መሳት። ደረቱ ላይ ተመትቶ የወደቀና ትንፋሽ የሌለው ሰው የልቡ ምት ተዛብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ወዲያውኑ ደረቱን በመጫን ልብን የማንቃት ሥራ መጀመር አለበት።

ሐ. ፈጣን የክብደት ቅነሳ። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሦስት የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ የትግል ተወዳዳሪዎች በአጭር ጊዜ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ሰውነታቸውን በላብ አድርቀው ሞተዋል። ውሃ መከልከል፣ በሙቀት ውስጥ መሥራትና ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶችን መውሰድ አደገኛ መሆናቸውን ለአሠልጣኞችም ጭምር መንገር ይገባል።

መ. የጉልበት ጅማት መበጠስ። በጉልበት ውስጥ ያለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ የተጠገነለት ሠልጣኝ፣ ጥንካሬውና ሚዛኑ ተፈትሾ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ከዘጠኝ ወር በፊት ወደ ግጥሚያ ባይመለስ ይመረጣል።

በምርመራ ክፍል ውስጥ

ለማርሻል አርት ሠልጣኝ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማቅረብ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

1. መቼና ለምን ጀመሩ?
2. ከዚህ በፊት አቋርጠው ያውቃሉ? ለምን?
3. ጭንቅላትዎን ተመትተው ያውቃሉ? ስንት ጊዜ?
4. ለውድድር ሲሉ ክብደት ይቀንሳሉ? እንዴት?
5. ስፖርቱን ቢያቆሙ በጣም የሚቸግርዎ ምንድን ነው?

ከዚህ በኋላ የሚሰጠው ምክር ምን እንደሚቆም፣ እስከ መቼ እንደሚቆም፣ ምን እንደሚቀጥልና መመለሱን ማን እንደሚፈቅድ ማካተት አለበት። ለምሳሌ የቁርጭምጭሚት ወለምታ የገጠመው የቴኳንዶ ሠልጣኝ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ሲነካ ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል። ስብራት ከሌለ ሕመሙ በፈቀደለት መጠን መራመድ ይጀምራል፤ የእጅና የላይኛው አካል ልምምዱን ይቀጥላል፤ ቀጥሎ በአንድ እግር የመቆም የሚዛን ልምምድ ይሠራል። ያለ ተቃራኒ ለብቻ የሚሠሩትን ቅንብሮች ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ ግጥሚያ የሚመለሰው። በዚህ መልክ የታዘዘ ሠልጣኝ ከጓደኞቹ ሳይለይ ይድናል።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመለስ ጎልማሳም የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ስልቱን አእምሮው ቢያስታውሰውም ጅማቱና ልቡ እንደ ቀድሞው አይደሉም። ስለዚህ የደም ግፊቱና የስኳር መጠኑ ሊለካ፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን ያመው እንደሆነ ሊጠየቅ፣ የመጀመሪያዎቹንም ሳምንታት ያለ ግጥሚያ እንዲያሳልፍ ሊመከር ይገባል።

ስፖርቱን ጨርሶ ለሚተውም ምትክ መፈለግ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጣን የእግር ጉዞ ይህን ሊያሟላ ይችላል። ለአረጋውያን ደግሞ ታይ ቺ የተባለው ዝግ ያለ የቻይና ልምምድ ሚዛንን በማጠናከር የመውደቅ አደጋን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል።

ማጠቃለያ

ማርሻል አርትን መጀመርም ሆነ መተው በሰው ጤና ላይ ለውጥ የሚያመጣ ውሳኔ ስለሆነ በሕክምና ታሪክ ውስጥ መመዝገብ ይገባዋል። የጤና ባለሙያው ሕይወትን የሚያሰጉ ሁኔታዎችን ለይቶ ያለ ማመንታት ሊያስቆም፣ በቀሩት ሁኔታዎች ግን ታካሚው የሚመለስበትን ቀንና ደረጃ ሊያመለክት ይገባል። «ተው» ብቻ የተባለ ሠልጣኝ ሁለተኛ ጊዜ ሲጎዳ ላይመጣ ይችላል፤ ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ የጭንቅላት ምት ሊሆን ይችላል።