የፊት ቆዳ በወጣትነት ለምን ይላላል? ሕክምናውስ ምንድን ነው?

ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የጅቡቲ ከተማ የቀትር ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሻገራል። ካምሲን የሚባለው ደረቅና ሞቃት ነፋስ ሲነሣ ደግሞ በዋራበሌም ሆነ በሌሎቹ የከተማዋ ሰፈሮች ጥላ ፍለጋ የዕለት ተግባር ይሆናል። ሙቀቱን ሁሉም ይፈራዋል። የፊት ቆዳን ከዓመት ዓመት የሚያላላው ግን በአብዛኛው ዐይን የማያየው፣ ለሰውነትም የማይሰማው የጸሐይ ጨረር ነው።

በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ሰው ጉንጩ ወረድ ሲል፣ የዐይኑ ቆብ ሲረግብ ወይም የአገጩ መስመር ሲደበዝዝ ብዙ ጊዜ “ያለ ዕድሜው አረጀ” ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣው ምክር “ይህን ክሬም ተቀባ” የሚል ነው። ነገር ግን በወጣትነት የሚከሰት የቆዳ መላላት ብዙውን ጊዜ ሊታወቅ የሚችል ምክንያት አለው፤ ሕክምናውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። እንደ መፍትሔ ከሚገዙት ቅባቶች አንዳንዶቹ ደግሞ ራሳቸው የችግሩ መነሻ ናቸው።

ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ምንድን ነው?

ከላይኛው ስስ የቆዳ ንብርብር ሥር የሚገኘው መካከለኛው ንብርብር የቆዳ ምሰሶ ነው። ከደረቅ ክብደቱ 70 በመቶ በላይ የሚሆነው ኮላጅን የተባለው ጠንካራ ፕሮቲን ነው። ከእርሱ ጋር በጥቂት መጠን የሚገኘው ኢላስቲን ቆዳ ሲሳብ ተመልሶ እንዲሰበሰብ የሚያደርገው ነው። ከሁለቱ በታች ያለው ስብ ጉንጭን ይሞላል፤ ጡንቻና አጥንት ደግሞ ሁሉንም ደግፈው ይይዛሉ።

ከወጣትነት መጀመሪያ ጀምሮ የቆዳ ኮላጅን በዓመት በግምት 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህ አዝጋሚ ለውጥ ስለሆነ በ25 ወይም በ30 ዓመት ብቻውን ፊትን አያረግብም። ቆዳ በዚህ ዕድሜ ከላላ አንድ ነገር ኮላጅኑን ወይም ኢላስቲኑን አፍጥኖ እያፈረሰ ነው፤ አለበለዚያም ከሥር ያለው ስብ በድንገት ጎድሏል ማለት ነው።

ጸሐይና የመኪና መስታወት

ወደ ምድር ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት ጨረር 95 በመቶ ያህሉ “ኤ” የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ጨረር እንደ “ቢ”ው ዓይነት ቆዳን ወዲያውኑ አያቃጥልም። ይልቁንም ጠልቆ ወደ መካከለኛው ንብርብር ይዘልቅና ኮላጅንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ያስነሣል። በተራ የመስኮት መስታወትም ያልፋል።

የዚህ ማስረጃ በአንድ አሽከርካሪ ፊት ላይ ታይቷል። እአአ በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የተባለው የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመታት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ አወጣ። በመስኮቱ በኩል የነበረው የሰውየው ግራ ፊት ወፍሮ፣ ተሸብሽቦና ረግቦ ነበር። ቀኝ ፊቱ ግን በብዙ ዓመታት የሚያንስ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ሰውየው አንድ፣ ዕድሜውም አንድ ነው፤ የሁለቱን ጉንጮች ዕጣ የለየው ጸሐይ ነው።

ምስሉ ለዚህ አካባቢ ሰዎች ሩቅ አይደለም። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ 90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በጋላፊ አድርገው የአፋርን ምድረ በዳ የሚያቋርጡት የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች አብዛኞቹ ሥራውን የሚጀምሩት በወጣትነታቸው ነው። በሁለቱም አገራት መሪው በግራ ስለሆነ መስኮቱን የሚያዋስነው ግራ ጉንጫቸው ነው። በወደብ፣ በግንባታና በጎዳና ንግድ የሚሠሩትም ከዚህ የተለየ ዕጣ የላቸውም።

“ጥቁር ቆዳ ጸሐይ አይነካውም” የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። እአአ በ1979 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የጥቁር ሰዎች የላይኛው ቆዳ “ቢ” የተባለውን ጨረር የመከላከል አቅም በአማካይ 13.4 መሆኑን ለክቷል፤ የነጮቹ 3.4 ነበር። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ቢሆንም የዘመኑ ሐኪሞች ከሚመክሩት 30 በእጅጉ ያንሳል፤ “ኤ” ለተባለው ጨረር ያለው ጥበቃ ደግሞ ከዚህም ደካማ ነው። ጥቁር ቆዳ ዘግይቶ ቢጨማደድም ጉዳቱን በቀለም መዘበራረቅና በጉንጭ መውረድ ያሳያል።

ሲጋራ፣ ጫትና ፈጣን ክብደት መቀነስ

ትምባሆ ወደ ቆዳ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ኮላጅን የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞችም ያበዛል። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍንም ያሳጣል። ከኢትዮጵያ ተጭኖ በየቀኑ ጅቡቲ በሚደርሰው ጫት ዙሪያ በሚደረገው የከሰዓት ቁጭታ ሲጋራ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። አብሮት የሚመጣው መክሳት በጉንጭ ላይ ቀድሞ ይታያል።

ክብደትን በአጭር ጊዜ ብዙ መቀነስም ያው ውጤት አለው። የተለጠጠው ቆዳ ከሥሩ ያለው ስብ በሚጎድልበት ፍጥነት ሊሰበሰብ አይችልም። ለስኳር ሕመም ተሠርተው አሁን ለክብደት መቀነሻ በሰፊው የሚወሰዱት መርፌዎች በተስፋፉባቸው አገራት፣ ሰዎች ይህን የፊት መጎድጎድ በመድኃኒቱ ስም “ኦዜምፒክ ፌስ” ብለው እስከ መጥራት ደርሰዋል። ፊቱን የሚለውጠው ግን መድኃኒቱ ቆዳን በመንካቱ ሳይሆን የክብደቱ ቅነሳ ፈጣን በመሆኑ ነው።

ለማቅላት የተገዛው ክሬም

በአፍሪካ ገበያዎች የሚሸጡ በርካታ የቆዳ ማቅያ ቅባቶች ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የመሰሉ ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒቶችን ይይዛሉ። አንዳንዶቹም በማሸጊያቸው ላይ ይህን አይገልጹም። ክሎቤታሶል ለከባድ የቆዳ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። መመሪያው በተከታታይ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ፣ ፊት ላይም እንዳይቀባ ያስጠነቅቃል። ለማቅላት ሲባል ግን በየቀኑ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀባል።

ስቴሮይድ የቆዳ ሕዋሳት ኮላጅን እንዳይሠሩ ያግዳል። መጀመሪያ ፊት ይቀላል፣ ይለሰልሳል። ቀስ በቀስ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፣ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ይላላል። ማቅያው ተፈጥሯዊውን ቀለም ስለሚቀንስም ጸሐይ የበለጠ ይጎዳዋል። ሰውየው ፊቱ እንደተበላሸ ሲያይ ቅባቱን ይጨምራል፤ ጉዳቱም ይከፋል።

በሌሎች ማቅያዎች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገራት ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች በሙሉ እስከ 2025 እንዲቀሩ በ2023 የወሰኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው በድንገት ሲያቆም ፊቱ ሊቀላ፣ ሊቃጠልና ሊያብጥ ይችላል። ብዙዎች ወደ ቅባቱ የሚመለሱት ይህን በመፍራት ነው። ማቆሙ በቆዳ ሐኪም ክትትል ሲሆን ግን መጠኑ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል፤ የሳሳው ቆዳም ጉዳቱ ብዙ ካልቆየ በከፊል ሊያገግም ይችላል።

በሽታ ሲሆን

ጥቂት ሰዎች ኢላስቲናቸውን የሚያዳክም የዘር ሕመም ይዘው ይወለዳሉ። ኩቲስ ላክሳ የተባለው ይህ ሕመም የሕፃን ልጅን ፊት ሳይቀር ያስረጃል። ቆዳው ሲሳብ ቶሎ አይመለስም፤ በሕመሙ ዓይነት ሳንባና የደም ሥርም ሊጎዱ ይችላሉ። እአአ በ1966 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ቆዳን ካስቆጣ ሽፍታ በኋላ ኢላስቲን ጠፍቶ ፊት የሚረግብበትን ሌላ ዓይነት ሕመም ገልጸው ጽፈዋል።

በኢትዮጵያ ሊዘነጋ የማይገባው የሥጋ ደዌ ነው። ባክቴሪያው በፊት ቆዳ ውስጥ ሲበዛ ቆዳው ያብጣል፣ ይወፍራል። ሕክምናው እብጠቱን ሲያጠፋው የተለጠጠው ቆዳ ይረግባል፣ የጆሮ ጫፍም ይንጠለጠላል። በሽታው ሙሉ በሙሉ ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። ቀድሞ የታከመ ሰው ለዚህ ጉዳት አይደርስም። እአአ በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል በዚህ በሽታና በቆዳ ሕክምና ለዐሥርት ዓመታት ሲያገለግል ቆይቷል።

ከሁሉም ተለይቶ መታየት ያለበት ምልክት አለ። የፊት አንድ ወገን በድንገት ከወረደ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ወይም ዐይን አልከደን ካለ ጉዳዩ የቆዳ ሳይሆን የነርቭ ወይም የአንጎል ነው። ክንድ ከዛለና አንደበት ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ያለ ምንም መዘግየት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

የትኛው ሕክምና ምን ያደርጋል?

ዋጋው ትንሽ፣ ማስረጃው ግን ብርቱ የሆነው ከጸሐይ መከላከል ነው። በኦስትሬሊያ ናምቦር ከተማ ዕድሜያቸው ከ55 በታች በሆኑ 903 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2013 የታተመ ጥናት፣ የጸሐይ መከላከያ ክሬም በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች ቆዳ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ከሌሎቹ 24 በመቶ ያነሰ የእርጅና ምልክት እንደነበረው አሳይቷል። ክሬሙ መጠኑ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሁለቱንም የጨረር ዓይነቶች የሚከላከል ሊሆን ይገባል። ከቤት ውጭ ለሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት። ክሬም ለመግዛት አቅም የሌለውም በሰፊ ባርኔጣ፣ በሻሽና በጥላ ብዙ ማትረፍ ይችላል።

በቅባት መልክ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ትሬቲኖይን ኮላጅን እንዲሠራ እንደሚያግዝ ተረጋግጧል። ለውጡ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ እርጉዝ ሴቶች አይጠቀሙበትም። ሽብሽባትን ያለሰልሳል እንጂ የወረደ ጉንጭን ወደ ላይ አያነሣም። “ኮላጅን አለው” ተብሎ የሚሸጥ ክሬም ደግሞ የፕሮቲኑ መጠን ትልቅ በመሆኑ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ቆዳን ከማራስ አያልፍም። በጅቡቲና በሶማሌዎች ዘንድ የተለመደው የቃሲል ቅጠል ዱቄት ፊትን በደንብ ያጸዳል፤ ሲደርቅ የሚሰማው መወጠር ግን ታጥቦ ሲለቅ አብሮ ይሄዳል።

በክሊኒክ ከሚሰጡት ውስጥ የሬዲዮ ሞገድና የአልትራሳውንድ መሣሪያዎች የቆዳን ጥልቅ ክፍል አሙቀው አዲስ ኮላጅን ያስነሣሉ፤ መጠነኛ መላላትን በጥቂቱ ያሻሽላሉ። የቆዳን ቀለም ዒላማ ስለማያደርጉ በባለሙያ እጅ ለጥቁር ቆዳ የተሻሉ ናቸው። ቆዳን የሚልጡ የሌዘር ዓይነቶች ግን በጥቁር ቆዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብና ያበጠ ጠባሳ የመተው አደጋቸው ከፍ ያለ ነው።

ክብደት በመቀነሱ ጉንጩ ለጎደለ ሰው ሐያሉሮኒክ አሲድ የተባለው መሙያ ቦታውን ለወራት ይሞላል። መርፌው በስሕተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ግን ቆዳን ሊገድል፣ ዐይንንም ሊያሳውር ስለሚችል በውበት ሳሎን የሚደረግ ነገር አይደለም። ቦቶክስ ጡንቻን ያላላል እንጂ ቆዳን አይወጥርም። ብዙ የተረፈ ቆዳን በእርግጥ የሚያነሣው ቀዶ ሕክምና ነው። እርሱም ክብደቱ ቢያንስ ለስድስት ወራት ሳይለዋወጥ ለቆየና የመላላቱ ምክንያት ለታወቀ ሰው ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ለሐኪሙ የሚቀርቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ቆዳዬን ያላላው ምንድን ነው? ይህ ሕክምና በእኔ ዓይነት የቆዳ ቀለም ላይ ተሠርቶበታል? ጉዳት ቢደርስ ማን፣ በምን ያክመኛል? ወደ ሐኪሙ ሲኬድም ሲቀቡት የቆዩትን ቅባት ከነማሸጊያው ይዞ መሄድ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ላይ ነው።