የእቴቴ ፍሪጅ ለምን የኢንተርኔት ጥቅል ይጠይቃል?

እንጦጦ ማርያም ወር በገባ በ21 መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ከሽሮ ሜዳ ዳገቱን በእግሩ የወጣው፣ በታክሲ የመጣው፣ ጠበል ቀድቶ የሚመለሰው፣ ቅዳሴ አልቆ ቁልቁል ሲወርድ የሆነ ነገር መጠጣት ያምረዋል። እቴቴ ደግሞ እዚያው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አላት። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ውሃ፣ ለስላሳ፣ እርጎ፣ ሻማ፣ ባዶ ጀሪካን ትሸጣለች። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት ደብር ደጃፍ፣ የሱቋ ንጉሥ ግን አንድ አሮጌ ፍሪጅ ነው።

«እንጦጦ ብርድ አይደል እንዴ? ምን ፍሪጅ ያስፈልጋል?» ትሉ ይሆናል። ሌሊት አዎ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቀትር ላይ ያን ዳገት የወጣ ሰው ግን የሚጠይቀው በረዶ የመሰለውን ነው። እርጎው ደግሞ ብርድ ብቻ አምኖ አያድርም።

ባለፈው ዓመት በአንዱ 21 ጠዋት እቴቴ ደወለችልኝ። ሰላምታም የለ።

«አንቺ ልጅ! ያ ያመጣሽልኝ ነገር ፍሪጁን ዘግቶት አድሯል። እርጎው ኮምጥጧል፣ ለስላሳው ለብ ብሏል። ዛሬ ደግሞ ማርያም ናት!»

«ያ ነገር» ያለችው ስማርት ሶኬት ነው። የገዛሁት እኔ፣ የሰካሁት እኔ፣ ስለ ጥቅሙ ግማሽ ሰዓት የለፈለፍኩትም እኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት የፍሪጁ ሞተር አንዴ ተቃጥሎ ነበር። የጠገነው ባለሙያ ያላት አንድ ነገር ነው፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወዲያው አይብራ፣ ትንሽ ይቆይ። ምክንያቱም ፍሪጅ ሲቆም በሞተሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ገና እንደተጨመቀ ነው። ግፊቱ እስኪረግብ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ሳይረግብ መብራት ከመጣበት ሞተሩ መዞር ያቅተዋል፤ መዞር ያቃተው ሞተር ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር ይህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እቴቴ መብራት በጠፋ ቁጥር ስፒናውን ትነቅል ነበር። ሱቅ ዘግታ ስትሄድስ? እኔ የዘመኑ ልጅ፣ መፍትሔ ይዤ ደረስኩ። ከመርካቶ በሁለት ሳጥን ለስላሳ ዋጋ ስማርት ሶኬት ገዛሁ። አሮጌ ስልኬን ሲም አስገብቼ፣ ሆትስፖት ከፍቼ፣ ቻርጀር ላይ ሰክቼ ሱቁ ውስጥ አስቀመጥኩ። መብራት ሲመጣ ሶኬቱ ጠፍቶ ይነሣል፣ እኔ ስልክ ላይ «ተመልሷል» የሚል መልእክት ይደርሰኛል፣ አምስት ደቂቃ ጠብቄ አበራዋለሁ። አሪፍ አይደል?

አሪፍ ነበር፣ የዳታ ጥቅሉ እስኪያልቅ። በ20 እቴቴ ለቅሶ ሄዳ ሱቁ ዝግ ነበር። ረፋድ ላይ መብራት ሄዶ መጣ። ሶኬቱ እንደታዘዘው ጠፍቶ ተነሣ፣ ትእዛዝ ጠበቀ። ትእዛዝ የሚመጣበት ኢንተርኔት ግን የለም። መልእክትም አልደረሰኝ። ሶኬቱ ከነሙሉ ጤንነቱ እስከ ማግስቱ ጠዋት ትእዛዝ ሲጠብቅ አደረ።

ሮጬ ሄድኩ። ሶኬቱ ፊት ቆሜ፣ በእጄ ልነካው እየቻልኩ፣ መተግበሪያው ላይ ስጫን «መሣሪያው አልተገናኘም» ይለኛል። የጎኑን ቁልፍ ተጭኜ አበራሁት። እቴቴ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

«ቆይ፣ ይሄ ነገር የኛ ነው አይደል?» አለችኝ።

ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ። ስለ ንብረት መብት የማጠቃለያ ፈተና ላይ ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ። ለዚህች ጥያቄ ግን ወዲያው መልስ አልነበረኝም።

እነዚህ ርካሽ ስማርት ሶኬቶች ሲሠሩ በውስጣቸው የተጫነው ፕሮግራም (ፈርምዌር ይባላል) የሚታዘዘው ለባለቤቱ ሳይሆን ለአምራቹ ሰርቨር ነው። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ቆማችሁ «አብራ» ስትሉ፣ ትእዛዙ ከስልካችሁ ወደ ባሕር ማዶ ይሄድና ከሰርቨሩ ተመልሶ ሶኬቱ ጋ ይደርሳል። ጎረቤትን ቡና ለመጥራት ዱባይ ደውሎ እንደ ማስጠራት ነው። መስመሩ ካለ በሰከንድ ያልቃል፤ አይታወቃችሁም። መስመሩ ሲጠፋ ግን የገዛችሁት ዕቃ አያውቃችሁም።

መስመር ደግሞ ይጠፋል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በአገራችን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ችግሩ የኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪቮልቭ የሚባል የቤት ዕቃዎች መቆጣጠሪያ፣ አዲሱ ባለቤቱ ኔስት ሰርቨሩን ሲዘጋው፣ ወደ 300 ዶላር ተገዝቶ የነበረው ዕቃ ባዶ ሣጥን ሆነ። በ2022 ደግሞ ኢንስቲዮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሰርቨሮቹን ድንገት ሲያጠፋ ደንበኞቹ የገዛ ቤታቸውን መብራት ከስልካቸው ማዘዝ አቃታቸው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ካልኩት፦ ዕቃውን ገዝተናል፣ ቁልፉን ግን የተከራየነው ነው። ኪራዩን ደግሞ እቴቴ በዳታ ጥቅል ስትከፍል ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስልክ ፍላሽ ሲደረግ ያላየ ወጣት የለም። የድሮው ሶፍትዌር ይነሣል፣ አዲስ ይጫናል። ስማርት ሶኬትም እንደዚያው ነው። ውስጡ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የኔው ውስጥ የነበረው ኢኤስፒ8266 የሚባል፣ የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ የሚሠራው ቺፕ ነው። ለዚህ ቺፕ ታስሞታ የሚባል ነፃ ፈርምዌር አለ። የጀመረው ቴዎ አረንድስ የሚባል ኔዘርላንዳዊ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ዋናው ነገር ደግሞ ያለ ማንም ሰርቨር ይሠራል።

አንድ ወቅት ሶኬቱን ሳይከፍቱ ጭምር መጫን ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2018 ላይ ጀርመን ላይፕዚግ በተካሄደው የኬዎስ ኮምፒውተር ክለብ ጉባኤ፣ ሚካኤል ሽታይገርቫልድ የተባለ የደኅንነት ባለሙያ ቱያ በሚባለው መድረክ ላይ የሚሠሩ ዕቃዎችን ክፍተት አሳየ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ክፍተት ገብቶ በዋይፋይ ብቻ ፈርምዌር የሚቀይር መሣሪያ ወጣ። አምራቹ ክፍተቱን ዘጋው። ስለዚህ ለኔ የቀረልኝ መንገድ ካቻቪቴ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቀጣዩን አንቀጽ ሳታነቡ ምንም እንዳትከፍቱ።

ሶኬት ስልክ አይደለም። ስልክ ውስጥ ያለው ባትሪ አራት ቮልት ገደማ ነው፤ ሶኬት ውስጥ ያለው 220 ቮልት ነው። ርካሽ ሶኬቶች ውስጥ ቺፑ የሚሠራበት 3.3 ቮልት ከግድግዳው 220 የተለየ አይደለም፣ ገመዱ ውስጥ ለውስጥ ይገናኛል። ስለዚህ ሶኬቱ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ ተያይዞ ሳለ ግድግዳ ላይ ከተሰካ ኮምፒውተሩም ሰውየውም አለቀላቸው። ሕጉ አንድ ነው፦ ወይ ኮምፒውተር፣ ወይ ግድግዳ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ በፍጹም። ከነቀላችሁት በኋላም ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ተመልሶ ሳይገጣጠምና ሳይዘጋ አይሰካም። ዋስትና ካለውም ያን ቀን ያበቃል።

ሽሮ ሜዳ የሞባይል ጥገና ያለው የልጅነት ጓደኛዬ ጋ ወሰድኩት። አይቶ ሳቀ። «ሲስ፣ ስልክ ፍላሽ ስናደርግ ኖረን አሁን ደግሞ ሶኬት?» አለ። ግን የማወቅ ጉጉት የማይይዘው ጠጋኝ የለም። የፕላስቲኩን መጋጠሚያ በቀስታ ሲጫነው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ (ሪሌይ)፣ አንድ ትንሽ የኃይል ክፍል፣ ጥፍር የምታክል ደግሞ ቺፑ ያለባት ሰሌዳ። በቃ ይሄው ነው።

የሚያስፈልገው ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ትንሽ አስማሚ ነው፤ 3.3 ቮልት ላይ መደረግ አለበት፣ 5 ቮልት ቺፑን ያቃጥላል። ጓደኛዬ አምስት ቀጫጭን ሽቦ በየዳ፦ ፕላስ፣ ግራውንድ፣ መላኪያ፣ መቀበያ፣ አምስተኛው ደግሞ «ጂፒአይኦ 0» ወደሚባለው እግር። ይህ እግር ከግራውንድ ጋር ተነካክቶ ቺፑ ኃይል ካገኘ «አዲስ ፕሮግራም ሊጫንብኝ ነው» ብሎ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ሞከርን፣ ዝም። ሁለተኛ ሞከርን፣ ዝም። ስናየው የአስማሚውን መላኪያ ከቺፑ መላኪያ ጋር አያይዘነዋል። ሁለቱም ያወራሉ፣ የሚሰማ የለም። አቀያየርናቸው፤ የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ ገጠመ። ቺፑ መለሰ። የድሮውን ፈርምዌር ቅጂ አስቀረሁ፤ ሙሉው 1 ሜጋባይት ነው፣ በስልካችሁ ከምታነሱት አንድ ፎቶ ያንሳል። አጠፋሁት። ታስሞታን ጫንኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ሽቦውን ነቅለን፣ ገጣጥመን፣ ዘግተን ግድግዳ ላይ ሰካነው። ስልኬ ላይ አዲስ ዋይፋይ ታየ፣ ሶኬቱ ራሱ የሚያሠራጨው። ገባሁበት፣ ብሮውዘር ላይ 192.168.4.1 ብዬ ጻፍኩ፣ የሶኬቱ ገጽ ተከፈተ። አካውንት የለም፣ ኢሜይል የለም፣ የስልክ ቁጥር ያስገቡ የለም። የሶኬቱን ዓይነት መረጥኩና ሦስት ነገር አዘዝኩት፦ መብራት ሲመጣ ጠፍተህ ተነሣ፤ 300 ሰከንድ ቁጠር፤ ከዚያ አብራ። መሀል ላይ መብራት ደግሞ ከሄደ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚሠራው እዚያው ቺፑ ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ቀርቶ ዋይፋይም አያስፈልገውም።

ፍሪጁን ወዲያው አላመንኩበትም። ሁለት ቀን ቤት ውስጥ በአምፖል ሞከርኩት። ከዚያ ነው ወደ እንጦጦ ያወጣሁት።

አሁን «እኔም ልሞክር» ለምትሉ ሦስት ነገር። አንደኛ፣ አዳዲሶቹ ሶኬቶች ውስጥ ኢኤስፒ ብዙ ጊዜ የለም፤ ቤከን የሚባል ኩባንያ ቺፖች ተተክተዋል። ለእነሱ ኦፕንቤከን የሚባል ሌላ ነፃ ፈርምዌር አለ፣ አሠራሩ ግን ይለያል። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት የያዛችሁትን ሞዴል ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ምጣድ ላይ አታስቡት። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፤ የኔ ሶኬት ጀርባው ላይ የተጻፈው 10 ነው። ይቀልጣል። ሦስተኛ፣ ይህ ሶኬት ያቆያል እንጂ ቮልቴጅ ሲበዛ አይከላከልም። ለዚያ የተሠራው የፍሪጅ መከላከያ ገበያ ላይ አለ፤ ማቆያም ያለው አለ። ሐቁን ልንገራችሁ፣ የእቴቴ ችግር ፍሪጁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንን ገዝቼ መገላገል እችል ነበር፤ አሁን ሁለቱም አላት። ሶኬቱን የከፈትኩት ለዚያች ጥያቄ መልስ ስላጣሁ ነው። የኛ ነው አይደል?

ባለፈው ወር በ21 ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳግዛት መብራት ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጣ። ፍሪጁ ዝም። አንድ ደንበኛ «እትዬ፣ መብራት መጥቷል፣ ፍሪጁ አልሠራም» አላት።

«ተወው፣ እየቆጠረ ነው» አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል።

አምስት ደቂቃ ሲሞላ ሶኬቱ ቀጭ አለ፣ ሞተሩ ተነሣ። እቴቴ የለስላሳውን ሒሳብ ተቀብላ ወደኔ ዞረች።

«እና ጥቅል አያስፈልገውም?»

«አያስፈልገውም።»

«ኢንተርኔት ቢጠፋስ?»

«ምንም አይሆንም። አሁን ያንቺ ነው።»

ትንሽ አሰበችና ከመደርደሪያው ላይ አሮጌውን ስልኬን አነሣች። «እንግዲያው ይሄም የኔ ነው» ብላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።