ክሩፕ፦ የሕፃናት የአየር ቧንቧ መጥበብ፣ አደጋውና ሕክምናው

ክሩፕ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በብዛት የሚታይ፣ በማንቁርትና ከማንቁርት በታች ባለው የአየር ቧንቧ ላይ እብጠት እየፈጠረ ትንፋሽን የሚያውክ ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ፓራኢንፍሉዌንዛ የተባለው ቫይረስ ሲሆን፣ የኢንፍሉዌንዛና የኮሮና ቫይረሶችን የመሳሰሉ ሌሎችም ያስከትሉታል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ-19 ዝርያ ሲስፋፋ በተለያዩ አገሮች በክሩፕ የሚታመሙ ሕፃናት ቁጥር መጨመሩ ተመዝግቧል። አብዛኞቹ ሕፃናት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድናሉ። ጥቂቶቹ ግን በሰዓታት ውስጥ ታፍነው ሊሞቱ ይችላሉ። እነዚህን ጥቂቶች ከብዙዎቹ ለይቶ በጊዜው መርዳት በአብዛኛው ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

አደጋው ከሕፃኑ የሰውነት አሠራር ይመነጫል። ከማንቁርት በታች ያለው የአየር መተላለፊያ ክሪኮይድ በተባለ፣ ሙሉ ቀለበት በሆነ ልም አጥንት የተከበበ ነው። ይህ ቀለበት ስለማይለጠጥ እብጠቱ ሊያድግ የሚችለው ወደ ውስጥ ብቻ ነው። ቧንቧው 4 ሚሊ ሜትር በሆነ ሕፃን ላይ ዙሪያውን የ1 ሚሊ ሜትር እብጠት ቢፈጠር የሚቀረው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአየሩ ማለፊያ በ75 በመቶ ይጠባል፣ አየሩ የሚገጥመው ተቃውሞ ደግሞ 16 እጥፍ ይሆናል። ቧንቧው 8 ሚሊ ሜትር በሆነ አዋቂ ላይ ያው እብጠት ተቃውሞውን የሚጨምረው ወደ 3 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ይህም ስሌት የተሠራው በእርጋታ ለሚተነፍስ ሰው ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ የአየሩ ፍሰት ስለሚታወክ ተቃውሞው ከዚህም ይብሳል። በመሆኑም ሕፃኑን አለማስለቀስ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ሕመሙ እንደ ማንኛውም ጉንፋን ይጀምራል። ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኩለ ሌሊት፣ ሕፃኑ ድምፁ ሻክሮ እንደ ውሻ ጩኸት በሚመስል ሳል ይነቃል፤ አየር ወደ ውስጥ ሲስብም ስትራይደር የተባለው ሻካራ ድምፅ ይሰማል። እናት በድንጋጤ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ በደጋው ብርድ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጥ ሕፃኑ በመንገድ ላይ ሊሻለው ይችላል፤ ተረኛው ባለሙያም እናቲቱ አጋንናለች ብሎ ሊመልሳት ይቃጣዋል። ነገር ግን በስዊዘርላንድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ቀላልና መካከለኛ ክሩፕ ያለባቸው ሕፃናት ለ30 ደቂቃ ቀዝቃዛ የውጭ አየር ሲያገኙ ምልክቶቻቸው እንደሚቀንሱ አሳይቷል። መሻሉ ጊዜያዊ ስለሆነ ሳሉና ድምፁ በሌሊት እንዴት እንደነበረ የእናቲቱን ቃል አምኖ መመዝገብ ይገባል። በአንጻሩ ለብዙ ዘመን ሲመከር የኖረው እንፋሎት እ.ኤ.አ. በ2006 ካናዳ ውስጥ በተደረገ ጥናት ጥቅም አልተገኘበትም፤ የፈላ ውኃ ለሕፃን ማቅረብ ለቃጠሎ ከማጋለጥ በቀር ፋይዳ የለውም።

የሕመሙ ክብደት የሚለካው በእናቱ እቅፍ ያለን ሕፃን ከጥቂት እርምጃ ርቀት ልብሱን ገለጥ አድርጎ በመመልከት ነው። ስትራይደሩ ሲያለቅስ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ሕመሙ ቀላል ነው። ጸጥ ብሎ ሳለም የሚሰማ ከሆነና የታችኛው የደረት ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ከባድ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ሲታገል የቆየ ሕፃን በድንገት ዝም ሲል፣ የስትራይደሩ ድምፅ ሲቀንስና የደረቱ መሰርጎድ ሲለሰልስ የተሻለው ሊመስል ይችላል። ሕፃኑ ከዚሁ ጋር ከፈዘዘ፣ ከገረጣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ድምፁ የጠፋው የሚያልፈው አየር በማነሱ ነው። የኦክስጅን መጠን የሚለካው መሣሪያም እስከ መጨረሻው ድረስ ደኅና ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል በእርሱ ብቻ መመካት አይገባም።

በስትራይደር የሚመጣ ሕፃን ሁሉ ክሩፕ አለበት ማለት አይደለም። ጉንፋን ሳይቀድመው፣ እየተጫወተ ወይም ቆሎ እየበላ ሳለ በድንገት የታነቀ ሕፃን ባዕድ ነገር ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ከፍተኛ ትኩሳት ያለው፣ የማያስል፣ ምራቁን መዋጥ ተስኖት ወደ ፊት ተደግፎ የሚቀመጥ ሕፃን ኤፒግሎታይቲስ ይጠረጠርበታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ክትባት ከጀመረች ወዲህ ይህን ሕመም የሚያስከትለው ባክቴሪያ መከላከያ ቢያገኝም፣ ያልተከተቡ ሕፃናት ዛሬም አሉ። ዲፍቴሪያም በጉሮሮ ላይ በሚጋገር ግራጫ ሽፋንና በአንገት እብጠት ይለያል። ከነዚህ አንዱ በተጠረጠረበት ጊዜ ምላስን በኃይል ተጭኖ ጉሮሮን ለማየት መሞከር ትንፋሹን ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። ሽፍታና የዓይን መቅላት ካለ ደግሞ ኩፍኝ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል፤ በኩፍኝ ምክንያት ለሚመጣ ክሩፕ የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሆስፒታል መመሪያ ደጋፊ ሕክምና እንዲደረግ እንጂ ስቴሮይድ እንዲሰጥ አይመክርም።

በብዙ አካባቢ የሕፃን ድምፅ ሲሻክር «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባላል፤ መፍትሔውም እንጥል ማስቆረጥ ወይም ቶንሲል ማስቧጠጥ ይሆናል። የክሩፕ እብጠት ያለው ግን ከእንጥል እጅግ ዝቅ ብሎ፣ የቆራጩ ምላጭ በማይደርስበት ቦታ ነው። ቁርጡ የሚያመጣው ደም፣ ቁስለትና ለቅሶ ነው፤ ሦስቱም የጠበበን የአየር ቧንቧ የባሰ ያጠባሉ። ይሁን እንጂ አብዛኛው ክሩፕ በሁለትና በሦስት ቀን በራሱ ስለሚድን የተረፈው ሕፃን ለቆራጩ ምስክር ይሆንለታል። በጤና ተቋማትም አሞክሲሲሊን ስሙን ያተረፈው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በቫይረስ የሚመጣን ክሩፕ አያድንም።

የሚረዳው ዴክሳሜታሶን ነው። መጠኑ በኪሎ ግራም 0.6 ሚሊ ግራም ሆኖ አንድ ጊዜ በአፍ ይሰጣል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 6 ሚሊ ግራም ማለት ሲሆን፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 4 ሚሊ ግራም ከያዘው የመርፌ አምፑል 1.5 ሚሊ ሊትር ነው። ፈሳሹን ከጥቂት የስኳር ውኃ ጋር ቀላቅሎ ማጠጣት ይቻላል፤ መርፌ አያስፈልግም። ዴክሳሜታሶን ከሌለ ፕሬድኒሶሎን በኪሎ ግራም 1 ሚሊ ግራም ይሰጣል። መድኃኒቱ ለከባዱ ሕመም ብቻ የሚቆጠብ አይደለም። በካናዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመና ቀላል ክሩፕ ያለባቸውን 720 ሕፃናት ያካተተ ጥናት፣ አንድ ጊዜ ዴክሳሜታሶን ከተሰጣቸው ተመልሰው ሕክምና የፈለጉት 7 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው ግን 15 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ሥራውን በሚገባ ለመጀመር ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ «ጠብቀን እንየው» በማለት የሚባክነው ጊዜ ውድ ነው።

ለከባድ ክሩፕ ከዴክሳሜታሶኑ ጋር አድሬናሊን በኔቡላይዘር ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አንድ ለሺህ ከሆነው 2 ሚሊ ሊትር ያዛል። ለውጡ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል፤ ነገር ግን ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ኃይሉ ስለሚያልቅ እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አድሬናሊን የተሰጠው ሕፃን ቢያንስ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሳይታይ ወደ ቤቱ አይላክም። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሕፃን ካለም ቱቦውን በግድ በአፍንጫው ከማስገባት ይልቅ እናቱ ጭንብሉን ከፊቱ አጠገብ ብትይዝለት ይመረጣል። ለአድሬናሊን ምላሽ የማይሰጥና በጠና የታመመ ሕፃን ባክቴሪያ የአየር ቧንቧውን አጥቅቶት ሊሆን ይችላል።

የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ጸጥ ብሎ ሳለ ስትራይደር የሚሰማበትን ሕፃን የመጀመሪያውን የፀረ ባክቴሪያ መጠን ሰጥቶ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክን ያዛል። በጤና ጣቢያ ደረጃ ሌሎቹን አደገኛ ሕመሞች በእርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል ትእዛዙ ተገቢ ነው፤ ክሩፕ መሆኑ ሲታመን ግን ዴክሳሜታሶኑንም መኪና ከመምጣቱ በፊት መስጠት ይገባል። በመንገድ ላይ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ቀና ብሎ ይቀመጥ እንጂ በአልጋ ላይ በጀርባው አይተኛ። ቱቦ ማስገባት ያስፈልግ ይሆናል ተብሎ ከታሰበ ተቀባዩ ሆስፒታል አስቀድሞ በስልክ ይነገረው፤ ለዕድሜው ከሚመረጠው ቀጠን ያለ ቱቦና ልምድ ያለው ባለሙያ እንዲያዘጋጅ ያስችለዋል።

ቀላል ሕመም ያለበት ሕፃን መድኃኒቱን ወስዶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ሳሉ በሚቀጥለውም ሌሊት ሊመለስ እንደሚችል ለወላጆቹ መንገር ያስፈልጋል። ጸጥ ብሎ ሳለ ድምፁ ከተሰማ፣ ደረቱ ከተሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ ሳይነጋ ያምጡት። ቤታቸው ሩቅ ከሆነና በሌሊት መጓጓዣ ከሌላቸው፣ ሕመሙ ቀላል ቢሆንም ሕፃኑን በጤና ተቋሙ ማሳደር ይሻላል።