ከራጃ ሃሪሽቻንድራ እስከ ማዘር ኢንዲያ

የመጀመሪያው ሙሉ የህንድ ፊልም፣ የዳዳሳሄብ ፋልኬ «ራጃ ሃሪሽቻንድራ»፣ በ1913 እ.ኤ.አ. ቦምቤይ ላይ ታየ። ፊልሙ ድምፅ አልባ ነበር፤ ሴት ተዋናይ ባለመገኘቷ ንግሥቲቱን ሆኖ የተጫወተውም ወንድ ነው። በ1931 ንግግርና ዘፈን ይዞ ከመጣው «አላም አራ» ግን፣ እጅግ ያሳዝናል፣ አንድም ቅጂ አልተረፈም።

ከህንድ ፊልሞች መካከል ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ተመልካች ካገኙት አንዱ የ1957ቱ «ማዘር ኢንዲያ» ነው። አራጣ አበዳሪው ናርጊስ ከምትጫወታት እናት ምርት ሦስት አራተኛውን ይወስዳል፤ እሷም በሬ አጥታ ሞፈሩን በገዛ ትከሻዋ ትጎትታለች። በሬ የሞተበትን ገበሬ ጭንቀት የሚያውቅ የአምባሰል ሰው ይህን ትዕይንት ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ከ«ማዘር ኢንዲያ» ጋር ሊታይ የሚገባው የኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በጥቁርና ነጭ የተቀረጸው ይህ የአማርኛ ፊልም የባላባትንና የጭሰኛ ቤተሰብን ኑሮ ሳይቸኩል ያሳያል።